ከአፍሪቃውያን ደም የተገኘው መድኃኒትና የቡናው አገር

ጠላት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ነጋሪት እያስመታና አቧራ እያስነሣ በግልጥ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ግን እንደ ምስጥ ድምፅ ሳያሰማ የቤቱን ምሰሶ ከውስጥ የሚበላ ነው። የፊተኛውን ለመከላከል ሰው ሁሉ ይነሣል፤ የኋለኛውን ግን ምሰሶው ተሰብሮ ጣራው እስኪናድ ድረስ የሚያውቀው የለም። በሽታም እንደዚሁ ነው። ወባና ተስቦ፥ ቀድሞም ፈንጣጣ፥ በግልጥ የሚመጡ ጠላቶች ስለ ሆኑ ሕዝብ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል፤ ክትባቱም፥ አጎበሩም፥ መድኃኒቱም ተዘጋጅቶላቸዋል። በደም ውስጥ የሚከማቸው ስብ፥ ሐኪሞች ኮሌስትሮል የሚሉት፥ ግን የምስጥ ወገን ነው። አያስልም፥ አያተኵስም፥ አያሳክክም፤ ባለቤቱ ሲበላና ሲጠጣ፥ ሲነግድና ሲጫወት ቈይቶ አንድ ቀን ደረቱን ይዞ ይወድቃል። ያን ጊዜ ጎረቤቱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ይቀብረዋል እንጂ ምስጡን የሚፈልግ የለም።

ይህ ነገር በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡና በሰቃ ሊነገር የሚገባበት ምክንያት አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር (ከ1878 እስከ 1932 የገዙት፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በጅሬን ሆነው አገሩን ሲያስተዳድሩ፥ ወደ ሕርማታ ገበያ የሚመጣው ነጋዴ ከአጋሰሱ ኋላ ቀናት ሙሉ በእግሩ ይሄድ ነበር። የዛሬው የቡና ነጋዴ ግን በመኪና ተቀምጦ ይሄዳል፥ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ይውላል፥ ቡናው በተሸጠበት ወራት ማዕዱ በሥጋና በቅቤ ይሞላል። ሀብት መጨመሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሀብት ከእርሱ ጋር የሚያመጣቸውን ደዌዎች አስቀድሞ ማወቅ የብልህ ሕዝብ ሥራ ነው።

ኮሌስትሮል ራሱ መርዝ አይደለም። ሰም የመሰለ ስብ ሲሆን አብዛኛውን የሰው አካል፥ ይልቁንም ጕበት፥ ራሱ ይሠራዋል፤ የቀረው ከሥጋ፥ ከቅቤ፥ ከወተትና ከእንቍላል ይገባል። ሰውነት ሕዋሳቱን የሚያቆመውና ሐሞትን የሚሠራው በእርሱ ነው። ነገር ግን ስብ ከውኃ ጋር ስለማይዋሐድ በደም ውስጥ ብቻውን ሊጓዝ አይችልም፤ እንደ ቡና ጭነት አጋሰስ ያስፈልገዋል። ከአጋሰሶቹም ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። ኤል.ዲ.ኤል. የሚባለው ስቡን ከጕበት ወደ ሰውነት ሁሉ የሚያደርሰው ነው፤ ይህ ሲበዛ ጭነቱን በመንገድ ላይ፥ ማለት በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ፥ እያራገፈ ይሄዳል። ኤች.ዲ.ኤል. የሚባለው ደግሞ የተረፈውን እየለቀመ ወደ ጕበት የሚመልሰው ነው። በደም ሥር ግድግዳ የተራገፈው ስብ በብዙ ዓመት ውስጥ ይጠነክራል፥ መንገዱንም ያጠብባል። አንድ ቀንም ሲፈነዳ በላዩ ደም ይረጋል፤ መንገዱ የተዘጋው በልብ እንደ ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፥ በአንጎል እንደ ሆነ ስትሮክ የተባለው ሽባነት ይሆናል።

ብዙ ሰው ይህን የፈረንጅና የሀብታም በሽታ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አለመሆኑ በቍጥር ታውቋል። በ2015 በመላው ኢትዮጵያ ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሰዎች ደም ተቀድቶ ሲመረመር፥ ከ100 ሰው በ5.2ቱ ጠቅላላው ኮሌስትሮል፥ በ14.1ዱ ደግሞ ጐጂው ኤል.ዲ.ኤል. ከመጠን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከ100 ሰው ከ15 በላይ የሚሆኑት የደም ብዛት ነበረባቸው። በጅማ አውራጃም የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2005 በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ባቋቋመው የምርምር ጣቢያ፥ በአሰንዳቦና በደነባ ከተሞች፥ በዙሪያቸውም ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩትን ሰዎች ሊቃውንቱ በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ እየዞሩ ስለ ልብ፥ ስለ ደም ብዛትና ስለ ስኳር በሽታ መርምረዋል። በገጠርም በከተማም እነዚህ ደዌዎች መኖራቸው ስለ ተረጋገጠ፥ «በገበሬ ዘንድ የለም» የሚለው አነጋገር ከእንግዲህ ወዲህ ሊሠራ አይገባም።

ስለ ቡናው ደግሞ አንድ ቃል ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ1983 በኖርዌይ ትሮምሶ በምትባል ከተማ የነበሩ ሐኪሞች ቡና የሚያበዙ ሰዎች ደም ከሌላው ይልቅ ኮሌስትሮል እንደሚበዛበት አስተዋሉ። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በዚያ ዘመን ቡናውን በማንቈርቈሪያ አፍልተው ሳያጠሉ ይጠጡ ነበርና፥ ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ ከቡናው ዘይት ውስጥ ባሉት ካፌስቶልና ካህዌኦል በተባሉ ነገሮች እንደሆነ የሆላንድ ሊቃውንት ገለጡ። ካህዌኦል ስሙን ያገኘው ቀሕዋ ከሚለው የዐረብኛ የቡና ስም ነው። ይህ ዘይት በወረቀት ማጥለያ ሲጣራ ከሞላ ጐደል ሁሉም ይቀራል፤ ተፈልቶ ሳይጣራ ሲጠጣ ግን ወደ ሲኒው ይወርዳል። የጀበና ቡናም የሚፈላ ስለ ሆነ፥ አተላው ቢዘቅጥም በወረቀት አይጣራም።

ከዚህ የተነሣ የቡና እናት የሆነው አገር ቡናውን ይተው የሚል ሰው ቢኖር አላዋቂ ነው። አቦልና ቶና፥ በረካም የጎረቤት ፍቅርና የሽምግልና መሠረት ናቸው፤ ጤናማ ሰውም ከእነርሱ የሚፈራው እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ደሙ ተመርምሮ ስቡ የበዛበት ሰው፥ በተለይም ቀኑን ሙሉ ከሲኒ የማይለይ ቢሆን፥ ቡናውን በወረቀት አጥልሎ ቢጠጣ፥ ቅቤ የሚጨመርበትም ልማድ ባለበት ቤት ቅቤውን ቢተው፥ ያለ ወጪ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ከሌላው ሁሉ ዓለም ይልቅ የጅማ ሰው ስለ ቡና ማወቅ ያለበትን ሁሉ ቢያውቅ የተገባ ነው።

ጾምም እንዲሁ ለነፍስ ከሚሰጠው ዋጋ ሌላ ለሥጋ የሚያተርፈው አለው። በ2003 በወጣ ጥናት በግሪክ አገር በቀርጤስ ደሴት የኦርቶዶክስ ምእመናን በጾም ጊዜ ደማቸው ሲመረመር ጠቅላላው ኮሌስትሮል ከ100 እጅ 12.5፥ ኤል.ዲ.ኤል. ደግሞ 15.9 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አጽዋማት ከሥጋ፥ ከቅቤ፥ ከወተትና ከእንቍላል የሚከለክሉ በመሆናቸው፥ አባቶች የሠሩት ሥርዓት ከዛሬው የሐኪም ምክር ጋር የሚስማማ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ጾሙ በተፈታ ዕለት የሁለት ወር ቅቤ በሁለት ቀን ሲበላ ነው። በረመዳን ወር ቀኑን ጾሞ ማታ በዘይት የተጠበሰውን የሚያበዛ ሙስሊምም ከዚሁ ስሕተት ላይ ይወድቃል። በጅማ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚኖሩ እንደ መሆናቸው፥ ይህን ምክር ካህኑም ሼኹም በአንድ ቃል ሊናገሩት የሚቻል ነው።

በምግብና በጾም ብቻ የማይወርድ ስብ ግን አለ። ለዚህ በመጀመሪያ የተገኘው መድኃኒት እንክብል ነው። አኪራ ኤንዶ የተባለው ጃፓናዊ ሊቅ በ1973 ከሻጋታ ውስጥ ጕበትን ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚከለክል ነገር አገኘ፤ ከዚያም የተወለዱት ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች ከ1987 ጀምሮ በዓለም ሁሉ ተሠራጩ። እነ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን የባለቤትነት ዘመናቸው ስላለፈ ማንም ፋብሪካ ይሠራቸዋል፤ ስለዚህም ዋጋቸው ረክሷል፥ በኢትዮጵያም መድኃኒት ቤት ይገኛሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ሲምቫስታቲንን ከአስፈላጊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል። ጡንቻን የማመም ጠባይ በአንዳንድ ሰው ላይ ቢያሳዩም፥ ለብዙው ሕዝብ መጀመሪያውም መጨረሻውም መድኃኒት እነዚህ ናቸው።

አሁን በዓለም ስሙ የገነነው መርፌ የተገኘበት ታሪክ ግን ለአፍሪቃ ሰው ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በዳላስ ከተማ ያሉት ብራውንና ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ጕበት በገጹ ላይ ኤል.ዲ.ኤልን ከደም የሚቀበሉ በሮች እንዳሉት በመግለጣቸው በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በሩ ብዙ የሆነለት ሰው ደሙ ንጹሕ ነው፤ በሩ ያነሰበት ሰው ስቡ ከውጭ ይከማችበታል። በ2003 ደግሞ በፓሪስና በሞንትሪያል የነበሩ ሊቃውንት፥ ከአባት ወደ ልጅ ኮሌስትሮል በሚወርስባቸው የፈረንሳይ ቤተ ሰቦች ውስጥ ፒሲኤስኬ ዘጠኝ የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሲሠራ አገኙ። ይህ ፕሮቲን ሥራው በሮቹን ማፍረስ ነው።

ይህን የሰሙ በዳላስ የነበሩት ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ተቃራኒውን ጠየቁ፦ ይህ አፍራሽ ፕሮቲን በተፈጥሮ የጐደለበት ሰው ቢኖርስ? መልሱንም ያገኙት ከነጭ ሕዝብ ይልቅ የዘር ግንዳቸው ከአፍሪቃ በሆነ ሰዎች ደም ውስጥ ነበር። በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከ3,363 ጥቍር አሜሪካውያን ከ100 2.6ቱ ፕሮቲኑን የሚያጐድል የዘር ለውጥ ነበራቸው፤ የእነዚህም ኤል.ዲ.ኤል. ከሌላው በ28 እጅ ያነሰ ሲሆን፥ በ15 ዓመት ክትትል የልብ ደም ሥር በሽታ የያዛቸው ከሌሎቹ በ88 እጅ ያነሱ ነበሩ። በ2007 ደግሞ ከዚምባብዌ የአንዲት ሴት ደም ተመርምሮ፥ ለውጡን ከአባትም ከእናትም ወርሳ፥ ኤል.ዲ.ኤሏ በአንድ ዴሲሊትር 15 ሚሊግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ። በብዙ ሰው ዘንድ 100 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው ቍጥር በእርሷ ዘንድ 15 ሲሆን፥ እርሷ ግን ጤናማ ነበረች። ከዚህ ወዲህ ነው መድኃኒት ሠሪዎች ያለ ፍርሃት ፕሮቲኑን ለመያዝ የተነሡት። እንግዲህ የልቡ ደም ሥር በዚህ መርፌ የዳነ አውሮፓዊና አሜሪካዊ ሁሉ፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ ለአፍሪቃ ደም ባለ ዕዳ ነው።

መርፌዎቹም ሁለት ወገን ናቸው። ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ የተባሉት በ2015 የተፈቀዱ ሲሆኑ፥ ፕሮቲኑን በደም ውስጥ እንደ ሌባ የሚይዙ ፀረ አካላት ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ፤ ኤል.ዲ.ኤልንም በግምት ወደ ግማሽና ከዚያ በላይ ያወርዳሉ። በ2017 በወጣው ታላቅ ጥናት 27,564 ሕሙማን ተመርምረው፥ ስታቲን እየዋጡ ኢቮሎኩማብ የጨመሩት ሰዎች ኤል.ዲ.ኤል. ከ92 ወደ 30 ወረደ፤ በልብና በአንጎል ላይ የሚደርሰው አደጋም በ15 እጅ ቀነሰ። የሆነ ሆኖ በዚያ ከሁለት ዓመት ጥቂት በበለጠ ጊዜ ውስጥ የሞት ቍጥር በግልጥ ሲቀንስ አልታየም፤ ይህንም ደብቆ መርፌውን ማወደስ ከእውነት የራቀ ይሆናል። ሁለተኛው ወገን ኢንክሊሲራን ነው፤ በአውሮፓ በ2020፥ በአሜሪካ በ2021 ተፈቅዷል። ይህ ጕበት ፕሮቲኑን እንዲሠራ የሚታዘዝበትን መልእክት ከመንገድ የሚያጠፋ ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በሦስተኛው ወር፥ ከዚያም በየስድስት ወሩ ብቻ ይሰጣል።

መርፌው ለማን እንደሚገባ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ቢታሰብ መልካም ነው። በአጋሮ አንድ የቡና አቅራቢ አለ እንበል። ዕድሜው 42 ነው፤ ውፍረት የለውም፥ ትንባሆ አያጨስም። አባቱ በ46 ዓመቱ ከገበያ ሲመለስ በድንገት ሞቷል፤ ታላቅ ወንድሙ በ39 ዓመቱ በማሳው ላይ ወድቋል፤ ጎረቤት አንዱን በመተት፥ ሁለተኛውን በቡዳ አሳብቧል። የሰውዬውን ተረከዝ ከኋላ ያለውን ጅማት የሚዳስስ ቢኖር እብጠት ያገኝበታል፤ በዐይኑ ቆብ ላይም ቢጫ ስብ አለ። ደሙ ግን በሕይወቱ አንድ ቀን ተለክቶ አያውቅም። ይህ ሰው ከወላጁ የወረሰው የኮሌስትሮል በሽታ አለበት። በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ ይህን ዓይነት ውርስ እንደሚሸከም ይገመታል፤ ሕክምና ካላገኙትም ወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ሕመም ያገኛቸዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ጾሙ ብቻ አይበቃውም፤ ስታቲኑም ብቻውን ላይበቃው ይችላል። መርፌው በእውነት የተፈለሰፈው ለእርሱና ልቡ አንድ ጊዜ ታሞ ስቡ በእንክብል አልወርድ ላለው ሰው ነው። ልጆቹም ከሁለት አንዱ ይወርሱታልና፥ አንዱን ሰው ማግኘት ቤተ ሰቡን ሁሉ ማግኘት ነው።

በዚህ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ የዋጋ ነው። እነ ኢቮሎኩማብ በ2015 በአሜሪካ ሲወጡ ለአንድ ሰው በዓመት ከ14,000 ዶላር በላይ ተጠየቀባቸው። ሐኪሞችና የመድን ድርጅቶች አንከፍልም ብለው ስለ ተከራከሩ፥ ኢቮሎኩማብን የሚሠራው አምጀን በ2018 ዋጋውን ወደ 5,850 ዶላር አወረደው። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ በ2021 ስለ ኢንክሊሲራን ከኖቫርቲስ ኩባንያ ጋር ለ300,000 ሰው በሦስት ዓመት የሚሆን ውል በጅምላ ተዋዋለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ብቻውን ሄዶ የሚገዛ ሕመምተኛ የተጠራውን ዋጋ ይከፍላል፥ ቍጥሩን አውቆ በአንድነት የሚገዛ መንግሥት ግን ይከራከራል። ይህን የጅማ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ቡናውን በየጆንያው ለደላላ የሚሸጥ ገበሬና በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሸጥ ገበሬ የሚያገኙት ዋጋ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የማከማቻ ነው። ኢቮሎኩማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት ሲሆን፥ ከማቀዝቀዣው ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ መወጋት አለበት። ኢንክሊሲራን ግን ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ የሚወጋውም በጤና ባለ ሙያ እጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ዋጋው የሚቀና ቢሆን ለገራ፥ ለጎማና ለሊሙ የሚስማማው የዚህ ዓይነቱ ነው። አንዱ መርፌ ቡናው ሲያብብ፥ ሁለተኛው ቡናው ሲለቀም ቢሰጥ፥ ሕመምተኛው ቀጠሮውን ከዛፉ ላይ ያነበዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ስሕተት መወገድ አለበት። በሕዝቡ ዘንድ መርፌ ከእንክብል ይበልጣል የሚል እምነት ሥር ሰድዷል፤ ሐኪሙ ሳይወጋው የመለሰው ሰው እንዳልታከመ ይቈጥራል። የአዲሱ መርፌ ዜና በተሰማ ጊዜም ስታቲኑን ጥሎ «መርፌው እስኪመጣ እጠብቃለሁ» የሚል ሰው አይታጣም። ይህ ሰው በጎታ ያለውን እህል ትቶ በባሕር ማዶ ያለውን ስንዴ እየጠበቀ በረኃብ እንደሚሞት ነው። መርፌውም በአብዛኛው በስታቲኑ ላይ የሚጨመር እንጂ እርሱን የሚሽር አይደለም። እንዲሁም በገበያ ስሙ ያልታወቀ «የስብ መርፌ» የሚሸጥ ሰው ቢገኝ፥ ከፈቃድ ውጭ የሆነውን መድኃኒት መግዛት ገንዘብንም ሕይወትንም መጣል መሆኑን ሁሉ ሊያውቅ ይገባል።

እንግዲህ ሥራው በተራ ነው። በመጀመሪያ መለካት ነው። ያልተለካ ደም የታተመ ደብዳቤ ነው፤ በውስጡ ያለውን የሚያውቅ የለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የጅማ ሆስፒታል ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ለደቡብ ምዕራብ አገር ሁሉ ሐኪም እያስተማረ ነው፤ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም በጅማ ቅርንጫፍ አለው። ከእነዚህ ታላላቅ ቤቶች እስከ አጋሮና እስከ ሊሙ ገነት ጤና ጣቢያ ድረስ የኮሌስትሮል መመርመሪያ ኬሚካል ሳይቋረጥ እንዲደርስ ማድረግ የባለ ሥልጣናት የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ሁለተኛው የስታቲን እንክብል እንዳይታጣ መጠበቅ ነው። በ2011 የማኅበረሰብ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የቡናው አገር ሊሙ ኮሳ ነበር፤ ገበሬው ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ ብዙውን በሽታ ለመጣል የተማረበት ቦታ ስለ ሆነ፥ የዕድሜ ልክ እንክብልን ለማዳረስ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው መዝገብ ነው። ከአንድ ቤት በወጣትነት የሞቱትን፥ ኤል.ዲ.ኤላቸው እጅግ ከፍ ያለውን፥ ቤተ ሰባቸውንም በዝርዝር የያዘ መዝገብ በጅማ ሲቋቋም፥ መንግሥት መርፌውን ለመግዛት ከኩባንያው ጋር ሲነጋገር «ለብዙ ሰው» ከማለት ይልቅ «ለዚህ ያህል ሰው» ብሎ ይናገራል።

በዚህ መዝገብ ነገር የካህናት ድርሻ ከሐኪሙ ድርሻ አያንስም። ሐኪም ሕመምተኛውን የሚያየው አንድ ቀን ነው፤ የንስሓ አባት ግን ቤቱን ሦስት ትውልድ ያውቀዋል። አባትየውን የፈታው እርሱ ነው፥ ልጁንም የፈታው እርሱ ነው፤ «በዚህ ቤት ወንድ ከ45 ዓመት አያልፍም» የሚለውን ንግግር በተዝካር ላይ የሚሰማው እርሱ ነው። ሼኹም በጀናዛው ላይ ይህንኑ ይሰማል። ለሐኪም ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ፥ ማለት በሽታው በዘር የሚሄድ መሆኑን ማወቅ፥ ለእነዚህ ሰዎች አስቀድሞ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ካህን የቀሩትን ልጆች ጠርቶ «ሂዱና ደማችሁን አስለኩ» ቢላቸው፥ መዝገቡ ከመቃብር ወደ ጤና ጣቢያ ተሻገረ ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ያገር ተረት በዚህ ቦታ ሙሉ ትርጕሙን ያገኛል፤ መተት ነው፥ ቡዳ ነው የሚለው አነጋገር ከሁሉ የሚበልጠው የመደበቂያ መጋረጃ ስለ ሆነ፥ መጋረጃውን ለመግለጥ የሚታመነው ደግሞ የሃይማኖት አባት ነው።

ቡና ከከፋና ከጅማ ደኖች ወጥቶ ዓለምን ሁሉ ሲያነቃ፥ ለቀሚው ገበሬ የቀረለት ድርሻ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ታሪክ ይመሰክራል። ከአፍሪቃውያን ደም የተገኘው ይህ ጥበብም በዚያው መንገድ ሄዶ ባሕር ማዶ ብቻ እንዳይቀር ያስፈራል። ዕዳውን ማስከፈል የሚቻለው ግን በቍጣ አይደለም፤ ባለ ዕዳው ፊት ቈጥሮና መዝግቦ በመቆም ነው። ሐኪሙ ለክቶ፥ ባለ ሥልጣኑ መዝግቦ፥ ካህኑና ሼኹ ሕዝቡን መክረው የተዘጋጀ አገር፥ መርፌው ዋጋው የረከሰ ዕለት በሩን ከፍቶ ይቀበለዋል። ያልተዘጋጀ አገር ግን መርፌው በነጻ ቢመጣለት እንኳ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም። እስከዚያ ድረስ በአጋሮና በሊሙ ያለው የአባቱን ድንገተኛ ሞት የሚያስታውስ ሰው ሁሉ፥ ዛሬ በእጁ ያለውን እንክብል ሳያቋርጥ፥ ደሙን ያስለካ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።